በመዝገቡ ዓምድ ያልገባው ጥያቄ

ለዕርዳታና ለሠፈራ ሥራ ኃላፊዎች፥ እንዲሁም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞች በተዘጋጀ ሴሚናር ላይ የተደረገ ንግግር




በዚህ ሴሚናር እስካሁን የቀረቡት ጽሑፎች ስለ እህል ክምችት፥ ስለ መጓጓዣ፥ ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ስለ ውኃ አቅርቦት የሚያትቱ ነበሩ። እኔ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ግን በኩንታል የሚለካ አይደለም። የሌላውን ሰው ችግር በራሱ በባለችግሩ ዐይን ማየት በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደሚያጠብቀውና እንደሚለውጠው እንዳስረዳ ነው የተጠየቅሁት። ርዕሱ ለስብከት የሚመች በመሆኑ ከዚያ ለመጠንቀቅ እሞክራለሁ። የማቀርበውም አሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሰውን ችግር ገብቶ ማየት የሥራችን መሣሪያ ነው፥ እርሱ ሲጎድል የምንሰበስበው መረጃ አብሮ ይጎድላል፥ መረጃው በጎደለ ጊዜም እህሉም ሠፈራውም ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል የሚል ነው።

በቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ቅርበት ያላቸው ቃላት አያንሱም። አዘኔታ አለ፤ ርኅራኄ አለ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። የሚያዝነው ቆሞ፥ የሚታዘንለት ወድቆ ነው የሚተያዩት። ባላገሩ አዘውትሮ የሚናገረው «ነግ በእኔ» ግን ሁለቱን በአንድ መሬት ላይ ያቆማቸዋል። ጎረቤቱ ቤቱ ሲቃጠልበት ማገርና ሣር ተሸክሞ የሚመጣው ሰው፥ ነገ የእርሱም ጣሪያ እሳት ሊበላው እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። የወሎ ቅሬ፥ የሸዋ ዕድር፥ ደቦውና ወንፈሉ የቆሙት በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። የቦረና ኦሮሞ ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓቱ፥ በድርቅ ወይም በበሽታ ከብቱ ያለቀበትን ወገኑን ከየመንጋው እየለየ ሰጥቶ እንደገና ባለከብት ያደርገዋል። በዚህ ሥርዓት የሰጠው ሰው ምጽዋት መጸወትሁ አይልም፤ የተቀበለውም አንገቱን አይደፋም።

ይሁን እንጂ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት ጊዜ እንዲህ ያለው መረዳጃ ከአቅሙ በላይ ተፈትኗል፤ ሰጪ መሆን የሚገባውም ተቀባዩም በአንድ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋልና። መከራው ሁሉንም በአንድነት ሲመታ የውጭ እጅ ያስፈልጋል። እኛ የምንገባው በዚያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ እኛ የቡሳ ጎኖፋም የቅሬም አባሎች አይደለንም። አብዛኞቻችን ተራው ደርሶን አያውቅም፤ ምናልባትም አይደርሰንም። ስለዚህ «ነግ በእኔ» በእኛ አፍ ሲነገር ከባላገሩ የተዋስነው ቃል ነው።

የተዋሱት ቃል ደግሞ ያሳስታል። «እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ በእርሱ ቦታ የማስቀምጠው ራሴን ነው፤ ከነጫማዬ፥ ከነደመወዜ፥ ከነከተሜነቴ። በየስብሰባው ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ይህን በግልጽ ያሳያል። «ገበሬው በሬው ሳይከሳና ዋጋው ሳይወድቅ ለምን በጊዜ ሸጦ እህል አልገዛም?» ይባላል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ ራሱን በገበሬው ቦታ አስቀምጦ ያሰላው ስሌት ነው። ስሌቱ ግን የደመወዝተኛ ስሌት ነው። ለገበሬው በሬ እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ የሚወጣና የሚገባ ነገር አይደለም። አንድ በሬ ያለው ሰው ከሌላው ባለአንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ በሬውን ከሸጠ ግን መቀናጆው ይፈርሳል፥ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፥ ምርቱም ይከፈልበታል፥ ከእኩል አራሽነት ወደ ሙሉ አራሽነት መመለስም ዓመታት ይፈጅበታል። በሰፈሩ ዘንድ ያለው ቦታም አብሮ ይለወጣል፤ ልጁን ለመዳርም ሆነ በሽምግልና ለመቀመጥ ባለበሬና በሬ የሌለው እኩል አይደሉም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚሸጡት በጉና ፍየሉ ናቸው። ከዚያ ሚስቲቱ የአንገቷን ብር ታወጣለች። የደረሰ ልጅ ለቀን ሥራ ይሄዳል። ሦስቱ ማዕድ ሁለት፥ ሁለቱም አንድ ይሆናል። በሬው ወደ ገበያ የሚነዳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የማረሻ በሬ በገበያ ሲበዛና ዋጋው ከእህሉ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ሲያሽቆለቁል አደጋው በር ላይ መድረሱን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎቻችን ያውቁታል፤ ይህንንም ያወቁት ገበሬውን «ምን ሸጥህ? ከምን በፊት? ለምን?» ብለው ስለ ጠየቁ ነው። በራሳቸው ስሌት ቢሄዱ ኖሮ የበሬውን ገበያ እንደ ስንፍና ምልክት ይቆጥሩት ነበር።

ከአገራችን ወጣ ብለን ጎረቤታችንን ሱዳንን ብንመለከት ያው ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዳርፉርን በመታ ጊዜና ከዚያም በኋላ በቦታው ጥናት ያካሄደው አሌክስ ደ ዋል እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የዳርፉር ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው የዕለት ጉርሳቸው አልነበረም። ዘራቸውንና ከብታቸውን ጠብቀው ለከርሞ ኑሮአቸው እንዲተርፉ ሲሉ በፈቃዳቸው ይራቡ ነበር። በዚያው ዓመት ከትግራይ ተሰድደው በምሥራቅ ሱዳን ወድ ኮውሊን በመሰሉ መጠለያዎች ከሰፈሩት መካከል ብዙ ሺህ የሚሆኑት፥ የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ በእግራቸው ወደ መጡበት መመለስ ጀመሩ። የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞች ጊዜው አይደለም፥ በመንገድ ይሞታሉ ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋታቸው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ በመጠለያው ምግብ አለ፥ በአገራቸው የለም። ለገበሬው ግን ሰኔ ካለፈ ዓመቱ አለፈ። በመጠለያ የሚያገኘው ዱቄት የሰኔን ወር አይተካለትም። አንዱ የዛሬን እንጀራ፥ ሌላው የመስከረምን እሸት ያይ ነበር፤ ሁለቱም ስለ አንድ ሕይወት ነበር የሚጨነቁት።

አሁን ወደ ራሳችን ጠረጴዛ ልምጣ። ከዓመታት በፊት በሰሜን ወሎ በሚገኝ አንድ የዕደላ ጣቢያ አንድ ወጣት መዝጋቢ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ከባድ፥ ሰልፉም ረጅም ነበር። ተራቸው የደረሰ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የቤተሰቡ ብዛት ሲጠየቁ «ሰባት» አሉ። ከእርሳቸው ጋር የቆሙት ግን ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር በየጣቢያው በየቀኑ የሚያጋጥም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የተለመደው አሠራርም የታየውን አራት ጽፎ ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ ነው። ከበረታም «ለምን ይዋሻሉ?» የሚል ቃል ይጨመርበታል። ወጣቱ ግን ብዕሩን አስቀመጠና «እማማ፥ የቀሩት ሦስቱ የት ናቸው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ትልቁ በሬውን ይዞ ቤት ቀርቷል፤ ትቶት ቢመጣ ይሰረቃል። ተከታዩ ለቀን ሥራ ወደ ራያ ቆላ ወርዷል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ሦስተኛው ትንሹ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። አርባው ሳይወጣ እንዴት አድርጌ ከቤቱ ልቀንሰው፥ ልጄ?» አሉት።

ወጣቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፥ እማማ» አላቸው። ከዚያም ተቀምጦ ስድስት ጻፈ። እርሳቸውም ስድስት መጻፉን ሲሰሙ አልተከራከሩም። አንድም ኪሎ ከደንቡ ውጪ አልተሰጠም፤ አንድም ሕግ አልተጣሰም። ነገር ግን እህላቸውን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡና ከመንደራቸው ያልመጡ ሁለት ቤቶች እንዳሉ፥ በአንደኛው አራስ፥ በሁለተኛው መራመድ ያልቻሉ ባልና ሚስት እንደተኙ ነገሩት። እነዚህ ሁለት ቤቶች ከቀበሌው በመጣው ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

ይህን የምነግራችሁ ለወጣቱ ምስጋና ለማቅረብ አይደለም፤ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ምን እንደተለወጠ እንድንመረምር ነው። ከጥያቄው በፊት አንዱ ጠባቂ፥ ሌላዋ ተጠርጣሪ ነበሩ። የምንዘጋጃቸው ቅጾች በአብዛኛው ይህን ግንኙነት አስቀድመው የሚወስኑ ናቸው፤ ተረጂው የሚመልሰው የሚቆጠረውን ብቻ ነው፥ ለሚቆጠረው ነገር ደግሞ እህል ስለሚሰጥ ማብዛቱ ተገቢ ነው። ከጥያቄው በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቤት የሚነጋገሩ ሆኑ። እኒያ እናት ስለ ሌሎቹ ሁለት ቤቶች የተናገሩት ስለተመሰገኑ ወይም ስለተደለሉ አይደለም። የሞተው ልጃቸው በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ማጭበርበሪያ ሳይቆጠር እንደ ሞተ ልጅ ስለታየላቸው፥ ለዚያ ጠረጴዛ እውነት መናገር ይገባል ብለው ስለ ፈረዱ ነው ብዬ አምናለሁ። መተማመን ከላይ የሚታወጅ ነገር አይደለም፤ ታች ያለው ሰው ፈርዶ የሚሰጠው ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «አሥር ሺህ ሰው ተሰልፎ ሳለ እንዲህ ያለ ወግ ከየት ይመጣል?» እያላችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በመቀሌ በምግብ ማከፋፈያ ጣቢያ ትሠራ የነበረችው የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ ክሌር በርትሺንገር፥ ከሺህ በላይ ሕፃናት በውጭ ሲጠብቁ 60 ወይም 70 ያህሉን ብቻ ለይታ እንድታስገባ ተገድዳ ነበር። የሚገቡትን በቀለም ምልክት ታደርግባቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ሕፃን ታሪክ ጊዜ አልነበራትም፤ ያላት እህል ለስንት እንደሚበቃ ብቻ ታውቅ ነበር። ይህን ሸክም ለብዙ ዓመታት ይዛው እንደኖረች በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ ገልጻለች፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም ወደዚያው ስፍራ ተመልሳለች። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ ጊዜ በሌለበት ስፍራ እንኳ የተመረጠውና ያልተመረጠው ሰው መሆኑን አለመርሳት እንደሚቻል፥ አለመርሳቱም ለሠራተኛው ዋጋ እንደሚያስከፍለው ነው። ሠራተኞቻችን ልባቸው የሚደነድነው ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ይህን ዋጋ ብቻቸውን እንዲከፍሉ ስለምንተዋቸው ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ በመሆኑ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

እዚሁ ላይ ሳላነሣው የማላልፈው ሌላ ጉዳይ አለ። የሰው ልብ የሚያዝነው ለሚያየው ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላከው የሚካኤል በርክና የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ተነሣ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የተደረገው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ፍሬ ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት የዮናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን እልቂት ለውጭው ዓለም ባሳየ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ያ ርኅራኄ ብዙ ሰው አድኗል፤ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ካሜራው ያሳየው መከራውን እንጂ የመከረኛውን አሳብ አልነበረም። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም፥ አይናገሩም፥ ምን እንደሸጡና ምን እንደጠበቁ አይጠየቁም። ካሜራ ያልደረሰባቸውም ጨርሶ አልታዘነላቸውም። አሁን ወደማነሣው ወደ ሠፈራው ጉዳይ የሚያሻግረን ይህ ነው።

ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ዓመት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ውስጥ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላ ተወስዷል፤ ወደ ፓዌ፥ ወደ አሶሳ፥ ወደ ጋምቤላ፥ ወደ ወለጋና ኢሉባቦር። አሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ችግርን የሚያስወግድ ይመስል ነበር፤ በአንድ በኩል የተራቆተ ተራራና የተራበ ሕዝብ፥ በሌላ በኩል ለም መሬትና ዝናብ። ብዙዎች በግድ እንደተወሰዱ፥ ባል ከሚስት፥ ልጅ ከእናት እንደተለያየ ዛሬ የታወቀ ነው። በጉዞውና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቀው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደገኛው የማያውቀው ወባ ጠበቀው፤ በሬውን ገንዲ ፈጀበት።

በዚያ ሥራ እህል፥ አውሮፕላን፥ ትራክተርና ባለሙያ ነበሩ። ያልነበረው ጥያቄ ነበር። ዕቅዱን የነደፉት ሰዎች ሠፋሪውን እንደ አፍ ቆጥረውት ነበር፤ መመገብ የሚገባው አፍ፥ ቀጥሎም ማምረት የሚገባው እጅ። ሠፋሪው ግን ቀባሪ የሚፈልግ፥ ማኅበር የሚጠጣ፥ ወደጃ የሚቀመጥ፥ የተለየችውን ሚስቱን በሕልሙ የሚያይ ሰው ነበር። በወለጋ ቄቶ ሠፈራ ለረጅም ጊዜ ከሠፋሪዎች ጋር ተቀምጦ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፉን ያሳተመው አሉላ ፓንክረስት፥ ሰዎቹ ኑሮአቸውን በምን እንደገና እንዳያያዙት በዝርዝር ገልጿል። ማንም ሳያዛቸው ያቋቋሙት ቅሬና ማኅበር ነበር። ከማያውቁት መንደር የመጡ ሰዎች በአንድ ረድፍ ሰፈር ሲጣሉ መጀመሪያ የተያያዙት በቀብር ነው። የሞተብህን ቀብሬአለሁና የሞተብኝን ትቀብራለህ። ይህን ያየ የሠፈራ ኃላፊ ቢኖር ከትራክተሩ በፊት ለከፈን የሚሆን አቡጀዲና ለመቃብር የሚሆን ቦታ ባዘጋጀ ነበር። ይህን ስል እያጋነንሁ አይደለም።

ከመደበኛው ሠፈራ ሌላ «ስግሰጋ» የተባለም ነበር። ሠፋሪዎቹ በነባሩ ገበሬ መካከል በጥቂት በጥቂቱ እንዲገቡ ተደርጎ፥ ነባሩ ገበሬ ቤት እንዲሠራላቸው፥ እህል እንዲያዋጣና እንዲያርስላቸው ታዘዘ። ትእዛዝ ነበርና ቅሬታ አላጣውም። ሆኖም በስግሰጋ የገባው ሠፋሪ ቢያንስ ሲታመም የሚያየው ጎረቤት ነበረው። ቡና ተጠራራ፤ ቋንቋ ተማረ፤ ወባውን በምን እንደሚከላከል፥ የትኛው እንጨት ለምሰሶ እንደማይበሰብስ ከነባሩ ጠየቀ። ጠያቂነት ሰውን ዝቅ ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በጎረቤት መካከል ሲሆን ጠያቂው ተጠያቂውን ያከብረዋል ባይ ነኝ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እጅግ ብዙ ሠፋሪ ጥሎ ሄዷል። የቀረውን ሰው ለምን ቀረህ ብለን ብንጠይቀው፥ ከመሬቱ ለምነት ይልቅ የጎረቤቶቹን ስም አስቀድሞ የሚጠራ አይጠፋም።

ስለ ነባሩ ሕዝብ ከተነሣ ዘንድ መተከልን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በበለስ ሸለቆ ከ80,000 የማያንሱ ሠፋሪዎች ሲሰፍሩ ቦታው በሰነዶች «ጠፍ መሬት» ተብሎ ነበር። ጠፍ አልነበረም። ጉሙዞች መሬቱን ጥቂት ዓመት አርሰው ለብዙ ዓመት እያሳደሩ የሚጠቀሙበት፥ የሚያድኑበት፥ ማር የሚቆርጡበት፥ ሲርባቸው ሥራሥር የሚለቅሙበት ነበር። ባደረው መሬት ላይ የበቀለው ደን ለዕቅድ አውጪው ባዶነትን፥ ለጉሙዙ ደግሞ የከርሞ እርሻን ያሳይ ነበር። ያን ጊዜ ካሜራው በኮረም ነበር፤ በማንዱራና በዳንጉር አልነበረም። ለተራበው ደገኛ ያዘነው ልብ ለነባሩ ቆለኛ የሚያዝንበት ምክንያት አልታየውም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀውም። በመሆኑም ሁለት የተበደሉ ወገኖች፥ አንዱ አገሩን የተነጠቀ፥ ሌላው ከአገሩ የተነቀለ፥ እርስ በርሳቸው እንደ በዳይ ተያዩ።

በሁለቱ መካከል ግን ሌላም ታሪክ አለ። በመተከል ስለ ጉሙዝና ስለ ደገኛ ሠፋሪዎች በሰፊው ያጠናው ወልደሥላሴ አቡቴ ከግጭቱ ጎን ለጎን ስለነበረው መቀራረብም ጽፏል። ጉሙዞች ደም የሚያደርቁበት ማንጊማ የተባለ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። ገበያው ሰዎቹን አገናኝቷል፤ ገበያ ያገናኛቸውም ወዳጅነት ይዘው እህልና ዕቃ ይጠባበቁ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ በ2012 እና በተለይም በ2013 ዓ.ም. በመተከል ብዙ ሰላማዊ ሰው በግፍ ተገድሏል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ተፈናቅሏል። የእልቂቱ ምክንያት ብዙና የተወሳሰበ ነው፤ በአንድ ቃል ይጠቃለላል የሚል ካለ አልቀበለውም። የጎረቤቶች መተዛዘን ብቻውን የታጠቀን ሰው አያቆምም። ነገር ግን ስለ መሬቱ በጊዜው ያልተጠየቀው ጥያቄ ከቂሙ ክምችት ውስጥ እንዳለበት መካድ አይቻልም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ታላቅ የሠፈራ መርሐ ግብር 440,000 ቤተሰብ፥ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር ሲያቅድ ከመጀመሪያው ትምህርት ወስዶ ነበር። ሠፈራው በፈቃድ እንዲሆን፥ በየክልሉ ውስጥ እንዲወሰን፥ ሠፋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ እንዲመለስ የቀድሞ ይዞታው ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተደንግጎ ነበር። ይህ የሦስት ዓመት ነገር ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሰው ወደማያውቀው አገር ሲሄድ በልቡ የሚይዘውን ፍርሃት አውቆ የተጻፈ አንቀጽ ነው። ደንብም እንዲህ የሰው ልብ ሊያውቅ ይችላል ማለት ነው። አፈጻጸሙ ከደንቡ ጋር በየስፍራው አንድ አልነበረም፤ በብዙ ቦታ ለሠፋሪው የተደረገው ጥያቄ ለነባሩ ሕዝብ አልተደረገም፥ ወይም ከተወሰነ በኋላ ለይስሙላ ነበር የተደረገው። ተወስኖ ያለቀን ጉዳይ ይዞ ሄዶ «ምን ትላላችሁ?» ማለት ካለመጠየቅ ይከፋል፤ ሰውየው መናቁን በራሱ አንደበት እንዲያጸድቅ ማድረግ ነውና።

እንግዲህ ወደ ሥራ ነገር ልመለስ። የአመዘጋገብ ቅጾችን እንዲያሻሽል የተሰየመው ኮሚቴ ሁለት ለውጦችን እንዲያይልኝ አቅርቤአለሁ። ከቤተሰብ ብዛት ቀጥሎ «ቤት የቀረ ማን ነው? ስለ ምን ቀረ?» የሚል መስመር ይግባ። መልሱ የማይቆጠር ቢሆን አይጎዳም፤ ባዶ መስመር ይተውለት። ለምዝገባው የምንመድበው የሰው ኃይል በዚሁ ልክ መጨመር አለበት፤ አለዚያ መስመሩ ይኖራል፥ የሚሞላው ግን አይኖርም። ሁለተኛው ለሠፈራ ወይም ለተፈናቃዮች ማቋቋሚያ ቦታ በሚመረጥበት ጊዜ አጥኚው ከነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎችና ሴቶች ጋር መሬቱን በእግሩ እንዲዞር፥ ያደረውንና የሚያድረውን መሬት፥ የውኃ መቅጃውንና የመቃብሩን ቦታ በእነርሱ አንደበት እንዲመዘግብ፥ ይህም አንድ ጊዜ በበጋ፥ አንድ ጊዜ በክረምት እንዲደረግ ነው። ሴቶቹን ለይቼ የጠራሁበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ ውኃው የሚርቀው በእነርሱ ጀርባ ላይ ነው።

ወጪው ይበዛል የሚል አስተያየት ከበጀት ክፍል ቀርቧል፤ ተገቢ አስተያየት ነው፥ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በአኀዝ እንነጋገርበታለን። ረቂቅ ቅጹ ከሰዓት በኋላ ይታደላል። በተለይ ከየጣቢያው የመጣችሁ መዝጋቢዎች በሦስተኛው ገጽ ያለውን ባዶ መስመር ሰልፍ በበዛበት ቀን በስንት ደቂቃ ልትሞሉት እንደምትችሉ በጽሑፍ ብትነግሩን ለኮሚቴው ሥራ ይረዳል።